ማነቆው የቱ ጋ ነው? ከአሮጌ የጠፈር ንግድ ጌሞች የምንወስደው የሂሳብ ትምህርት

ገበያ ዝግ በሆነበት ቀን ዋጋ አንለጥፍም፤ ትምህርት ነው የምናካፍለው። የዛሬው ርዕስ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊሆን ይችላል፦ የኮምፒውተር ጌም ነው። ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ስለ ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ አንድ ነጋዴ ትርፉን በምን መለካት እንዳለበት ነው የምናወራው። ላኪም ሁኑ፣ የዩኒየን ሥራ አስኪያጅ፣ ከገበሬ ገዝታችሁ ለመጋዘን የምታቀርቡም ብትሆኑ፣ ሂሳቡ ያው ነው።

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

1. ጌሙ ምን ነበር?

በመስከረም 1984 እንግሊዝ አገር "ኤሊት" የሚባል ጌም ወጣ። የሠሩት ሁለት የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፤ ዴቪድ ብሬቤን እና ኢያን ቤል ይባላሉ። አሳታሚው አኮርንሶፍት፣ የሚሠራበት ኮምፒውተር ደግሞ ቢቢሲ ማይክሮ ነበር። የዚያ ኮምፒውተር ሙሉ ማስታወሻ 32 ኪሎባይት ነው። ዛሬ በቴሌግራም የምትላላኩት አንድ ፎቶ ከዚያ ይበልጣል። በዚያች ቦታ ውስጥ 8 ጋላክሲ፣ በእያንዳንዱ 256 ፕላኔት፣ በድምሩ 2,048 ገበያ ከተቱበት። ፕላኔቶቹ በሙሉ አልተጻፉም፤ ኮምፒውተሩ ከጥቂት ቁጥሮች ተነስቶ በቀመር ያወጣቸዋል።

በዚያን ጊዜ የነበሩት ጌሞች ሦስት ነፍስ ይሰጡህና በአሥር ደቂቃ ውስጥ ያልቃሉ። ኤሊት ግን አንድ መርከብና 100 ክሬዲት ሰጥቶ "በል እንግዲህ ነግደህ ብላ" ይላል። መጨረሻ የለውም። ከአንዱ ፕላኔት ገዝተህ ሌላው ላይ ትሸጣለህ፣ መንገድ ላይ ሽፍታ ይገጥምሃል፣ ስታተርፍ ለመርከብህ ዕቃ ትገዛለህ። በቃ።

ያኔ የ12 እና የ15 ዓመት ልጆች የነበሩ ዛሬ ከ50 ዓመት አልፈዋል፣ ናፍቆታቸው ግን አልለቀቃቸውም። ብሬቤን በ2012 መጨረሻ አዲስ ኤሊት ልሠራ ነው፣ ገንዘብ አዋጡ ብሎ ሕዝብ ሲጠይቅ፣ እስከ ጥር 2013 ድረስ ከ1.5 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተዋጣለት። ጌሙ ገና አልተሠራም ነበር፤ የተሸጠው ትዝታው ነው። "ኤሊት ዴንጀረስ" በታኅሣሥ 2014 ወጣ። ከዚያ በፊትም "ኦላይት" የሚባል በነፃ የሚገኝ ቅጂ ነበር፤ የድሮውን ሕግ ብዙም ሳይለውጥ በዛሬ ኮምፒውተር ያስጫውታል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ሰው የናፈቀው ምንድን ነው? ሥዕሉማ በነጭ መስመር የተሳለ ሳጥን ነገር ነበር። ደጋግመው የሚያወሩት ስለዚያች 100 ክሬዲት ነው፦ መጀመሪያ ምን ገዛሁ፣ የት ሸጥኩ፣ መቼ ከችግር ወጣሁ። ይህ ደግሞ የኛም ወሬ ነው። ስለዚህ ሂሳቡን እንክፈተው።

2. ዋጋው እንዴት ይወሰን ነበር?

በኤሊት 17 ዓይነት ሸቀጥ አለ። እያንዳንዱ ፕላኔት ከ"ሀብታም ኢንዱስትሪ" እስከ "ድሃ እርሻ" ድረስ ከስምንት የኢኮኖሚ ደረጃዎች በአንዱ ይመደባል። ምግብ በእርሻ ፕላኔት ርካሽ፣ በኢንዱስትሪ ፕላኔት ውድ ነው። ኮምፒውተር ደግሞ ተቃራኒው። በዚህ ላይ በየጉዞው ትንሽ የዕድል መዋዠቅ ይጨመራል። የቀረው ሁሉ መደመርና ማባዛት ነው።

ጨዋታው የሚጀመረው "ሌቭ" ከሚባል ፕላኔት ነው፤ ሀብታም የእርሻ አገር ነው። ቅርቡ "ዛኦንስ" አለ፤ መካከለኛ ኢንዱስትሪ ነው። የአራት ሸቀጦች ዋጋ በቶን፣ መዋዠቁ ሳይጨመር፣ እንዲህ ነው፦

▪️ ምግብ፦ ሌቭ 3.6፣ ዛኦንስ 6.8። ልዩነት 3.2 ክሬዲት፣ ማለትም በወጣው ገንዘብ ላይ 89 በመቶ።
▪️ መጠጥ፦ ሌቭ 23.2፣ ዛኦንስ 31.2። ልዩነት 8.0፣ ማለትም 34 በመቶ።
▪️ ፀጉራም ቆዳ፦ ሌቭ 52.4፣ ዛኦንስ 66.8። ልዩነት 14.4፣ ማለትም 27 በመቶ።
▪️ ኮምፒውተር (የመልስ ጭነት)፦ ዛኦንስ 67.2፣ ሌቭ 89.6። ልዩነት 22.4፣ ማለትም 33 በመቶ።

አሁን ቆም በሉና ጥያቄውን መልሱ፦ ከአራቱ የትኛው ነው ጥሩ ንግድ?

በመቶኛ የሚያስበው ሰው "ምግብ፣ 89 በመቶ!" ይላል። በቶን የሚያስበው "ኮምፒውተር፣ 22.4 ክሬዲት!" ይላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ሁለቱም ደግሞ ሊሳሳቱ ይችላሉ። መልሱ የሚወሰነው ነጋዴው በእጁ ካሉት ነገሮች የትኛው እንዳጠረው ነው። የዛሬው ትምህርት ዋና ሐሳብ ይሄው ነው፦ ትርፍ የሚለካው ባጠረህ ነገር ላይ ተካፍሎ ነው።

3. የመጀመሪያው ማነቆ፦ ካፒታል

ጀማሪው 100 ክሬዲት አለው። መርከቡ 20 ቶን ይጭናል። ያጠረው ገንዘብ ነው፤ ቦታ ሞልቶታል።

ሁሉንም በመጠጥ ቢያውለው 4 ቶን ገዝቶ 32 ክሬዲት ያተርፋል። ፀጉራም ቆዳ ከሆነ 1 ቶን ብቻ፣ ትርፉ 14.4። ምግብ ግን? ሌቭ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ምግብ 16 ቶን ገደማ ነው። 16 ቶን በ57.6 ይገዛል፣ 51.2 ያተርፋል። በተረፈችው ገንዘብ አንድ ቶን መጠጥ ይጨምርና 8 ያክላል። ዛኦንስ ሲደርስ እጁ ላይ 159.2 አለ።

ይህ ሰው አሁን ባዶ መርከብ ይዞ ቢመለስ ግማሹን ጉዞ በነፃ ሠራ ማለት ነው። 2 ቶን ኮምፒውተር በ134.4 ገዝቶ ይመለስና ሌቭ ላይ 44.8 ያተርፋል። ነዳጅና መዋዠቁ ሳይቆጠር፣ 100 ክሬዲት በአንድ ደርሶ መልስ 204 ሆነ።

ከዚህ ሁለት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ ገንዘብ ያጠረው ነጋዴ "ተራ" የሚባለውን ርካሽ ሸቀጥ መናቅ የለበትም፤ በብሩ ላይ የሚያስገኘው መቶኛ ከሁሉ ሊበልጥ ይችላል። ሁለተኛ፣ የመልስ ጭነት። ተሳቢ ያላችሁ ሰዎች ይህን ከኛ በላይ ታውቁታላችሁ፤ ባዶ የሚመለስ መኪና የሄደበትን ትርፍ ይበላል።

4. ሁለተኛው ማነቆ፦ የመጫኛ ቦታ

ጥቂት ከተመላለሰ በኋላ ያው ተጫዋች 1,500 ክሬዲት አለው እንበል። አሁን ገንዘብ አላጠረውም፤ ያጠረው 20 ቶኑ ነው። ሂሳቡም ይገለበጣል።

20 ቶን ኮምፒውተር 1,344 ያወጣል፣ 448 ያተርፋል። 20 ቶን መጠጥ 160 ያተርፋል። ምግብ ግን ገበያው ላይ ያለችውን 16 ቶን ጠራርጎ ቢወስድም ትርፉ ያው 51.2 ነው። በመቶኛ አንደኛ የነበረው ምግብ አሁን መጨረሻ ሆነ። ዋጋው ግን ቅንጣት አልተለወጠም፤ የተለወጠው የነጋዴው ሁኔታ ነው።

ትልቁ አደጋ ያለው እዚህ መሸጋገሪያ ላይ ነው። በድሃነቱ ጊዜ ያዋጣውን ሸቀጥ የለመደ ሰው፣ ካፒታሉ አድጎም እዚያው ላይ ይቆያል። "እኔን ያሳደገኝ ይሄ ነው" ይላል። እውነት ነው፣ አሳድጎታል። አሁን ግን መኪናውን ዝም ብሎ ይዞበታል።

የተገላቢጦሹም አለ። ጌሙ ውስጥ በ400 ክሬዲት የመርከቡን ጭነት ከ20 ወደ 35 ቶን ማስፋት ይቻላል። 15 ቶን ተጨማሪ ኮምፒውተር ማለት በአንድ ጉዞ 336 ክሬዲት ተጨማሪ ትርፍ ነው፤ በሁለት ጉዞ ወጪውን ይመልሳል። ግን 35 ቶን ኮምፒውተር ለመሙላት 2,352 ክሬዲት ያስፈልጋል። ጠቅላላ 500 ብቻ ያለው ሰው ቢያሰፋስ? በ500 ክሬዲቱ 7 ቶን ገዝቶ 156.8 ማትረፍ ይችል ነበር። ካሰፋ በኋላ በቀረችው 100 ክሬዲት 1 ቶን ብቻ ይገዛል፤ ትርፉ 22.4። ሰፊ መርከብ፣ ባዶ መርከብ።

ዩኒየኖች፣ ይህችን ልብ በሉ። በምርት መሰብሰቢያ ሰሞን አባላት ምርት ይዘው መጥተው ለመግዣ የሚሆን ገንዘብ ካጠረ፣ ማነቆው ካፒታል ነው። በዚያ ዓመት አዲስ መጋዘን መሥራት ጠባቡን በር ትቶ ሰፊውን በር ማስፋት ነው። ገንዘቡ ኖሮ ምርቱ ደጅ የሚያድር ከሆነ ደግሞ መጋዘኑ ይቅደም።

5. ሦስተኛው ማነቆ፦ ጊዜ

ኤሊት ውስጥ ከባዱ ሥራ ሽፍታውን መምታት ብቻ አይደለም፤ ወደብ መግባት ነው። የጠፈር ጣቢያው ይሽከረከራል፣ በሩ ጠባብ ነው፣ መርከቡን ከሽክርክሪቱ ጋር አስተካክለህ ካልገባህ ግድግዳው ላይ ተላትመህ ጭነቱም መርከቡም ይጠፋል። የዘመኑ ተጫዋቾች ሁሉ ይህን ያስታውሳሉ፦ መንገዱን ሙሉ ተርፈው መጥተው ደጃፍ ላይ መክሰር። ጭነቱ ወደብ ገብቶ እስኪራገፍ ድረስ ትርፍ አይባልም።

መፍትሔው በ1,500 ክሬዲት የሚገዛው ራሱ የሚያስገባ ኮምፒውተር ነበር። ይህ ዕቃ ዋጋ አይጨምርም፣ ጭነትም አይጨምርም። የሚሰጠው ደህንነትና ጊዜ ነው። በአንድ ምሽት አምስት ጉዞ የሚሠራ ሰው ስምንት ከሠራ፣ ዓመታዊ ትርፉ በዚያው ልክ ያድጋል።

ጊዜን የበለጠ ያጠበቀው "ትሬድ ዋርስ 2002" የሚባለው ሌላው አሮጌ ጌም ነው። በስልክ መስመር ከአንድ ኮምፒውተር ጋር እየተገናኙ የሚጫወቱት ነበር። ሸቀጦቹ ሦስት ብቻ ናቸው፦ የነዳጅ ማዕድን፣ የእርሻ ውጤትና መሣሪያ። ለእያንዳንዱ ተጫዋች በቀን የተወሰነ የእንቅስቃሴ ብዛት ይሰጠዋል፤ ካለቀበት እስከ ነገ ይጠብቃል። ስለዚህ ጎበዙ ተጫዋች "ይህ ጉዞ ስንት ያተርፋል?" አይልም። "በአንድ እንቅስቃሴ ስንት ያተርፋል?" ነው የሚለው።

ወደኛ ሂሳብ እናምጣው። የሚከተሉት ቁጥሮች ለስሌት ብቻ የተወሰዱ ናቸው፤ የማንም ሸቀጥ የዛሬ ዋጋ አይደሉም።

▪️ ሸቀጥ ሀ፦ ኩንታሉ 4,000 ብር፣ የተጣራ ትርፍ 400 ብር፣ ገንዘቡ በ10 ቀን ይመለሳል።
▪️ ሸቀጥ ለ፦ ኩንታሉ 20,000 ብር፣ የተጣራ ትርፍ 1,400 ብር፣ ገንዘቡ በ35 ቀን ይመለሳል።

1 ሚሊዮን ብር ያለው ነጋዴ ሀን ከያዘ 250 ኩንታል ገዝቶ በ10 ቀን 100,000 ያተርፋል። ለን ከያዘ 50 ኩንታል ገዝቶ 70,000 ያተርፋል፣ እሱም በ35 ቀን። ውሳኔው ግልጽ ነው።

10 ሚሊዮን ብር እና 400 ኩንታል የሚጭን አንድ መኪና ያለውስ? ሀን ሲጭን በአንድ ዙር 160,000፣ ለን ሲጭን 560,000 ያተርፋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሂሳቡን ዘግቶ "ለ ይሻላል" ይላል። በቀን አካፍሉት እስቲ። 160,000 ለ10 ቀን፣ በቀን 16,000። 560,000 ለ35 ቀን፣ በቀን 16,000። እኩል ናቸው! ልዩነቱ፣ ለ 8 ሚሊዮን ብር ለ35 ቀን አስሮ ይይዛል፤ ሀ የሚይዘው 1.6 ሚሊዮን ብቻ ነው። የባንክ ወለድ የሚከፍል ሰው የትኛውን እንደሚመርጥ መናገር አያስፈልግም። የቀረችውን ገንዘብ ይዞ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ መኪና መከራየትም ይችላል። እስከ ስንት መኪና? ይህ ወደ አራተኛው ማነቆ ይወስደናል።

6. አራተኛው ማነቆ፦ የገበያው ጥልቀት

የድሮው ኤሊት አንድ ትልቅ ውሸት ነበረበት። የሚገኘው መጠን የተወሰነ ቢሆንም፣ ዋጋው ተጫዋቹን አያየውም። 1 ቶን ሽጥ 35 ቶን፣ ዋጋው አንድ ነው። መቶ ጊዜ ተመላለስ፣ መቶ አንደኛው ጊዜም ልዩነቱ እዚያው ይጠብቅሃል። መግዣና መሸጫም አንድ ዋጋ ናቸው፤ ደላላ የለ፣ ኮሚሽን የለ፣ ግብር የለ። ሌላ ነጋዴም የለም፤ በዚያ ሁሉ ጋላክሲ ውስጥ የምትነግደው አንተ ብቻ ነህ።

ናፍቆቱ የሚያርፈውም እዚህ ላይ ይመስለናል። አንዴ ያገኘኸው መንገድ ያንተ ሆኖ ይቀራል። ተጫዋቾች ዋጋ በደብተር ይጽፉ ነበር፣ ምክንያቱም ጌሙ የሚያሳየው የቆምክበትን ገበያ ዋጋ ብቻ ነው። ደብተሩን የያዘ ሰው ሀብት ያዘ።

አዲሶቹ ጌሞች ይህን አፈረሱት። "ኢቭ ኦንላይን" በግንቦት 2003 ከአይስላንድ ወጣ። እዚያ ዋጋ የሚያወጣ ቀመር የለም ማለት ይቻላል፤ ገዢውም ሻጩም ሌላ ተጫዋች ነው። "ጂታ" የሚባለው ዋናው ገበያ ሰሌዳው ላይ የመግዣና የመሸጫ ትእዛዞች ተደርድረው ይታያሉ፣ ኮሚሽንና ግብር ይቆረጣል። ገበያው ከባድ ስለሆነ ድርጅቱ በ2007 ኤይዮልፉር ጉድሙንድሰን የሚባል የኢኮኖሚ ባለሙያ ቀጥሮ ነበር፤ ሥራውም የጌሙን ኢኮኖሚ መከታተልና ሪፖርት ማውጣት ነበር።

እንዲህ ባለ ሰሌዳ ላይ እንበልና፦

▪️ አንደኛው ገዢ 50 ፍሬ በ100
▪️ ሁለተኛው 200 ፍሬ በ97
▪️ ሦስተኛው 500 ፍሬ በ90

"ዋጋው ስንት ነው?" ብትሉ ሁሉም "100" ይላችኋል። 300 ፍሬ ይዞ የሄደ ሰው ግን 50ውን በ100፣ 200ውን በ97፣ የቀረችውን 50 በ90 ነው የሚሸጠው። ድምሩ 28,900፣ አማካዩ 96.3። ዕቃው ከነመጓጓዣው 95 የወጣበት ከሆነ፣ 5 አተርፋለሁ ብሎ ተነስቶ 1.3 ይዞ ገባ። ግብር ከተቆረጠ እሱም ላይተርፍ ይችላል።

ስለዚህ የምንለጥፈውን ዋጋ ስታዩ ሁለተኛውን ጥያቄ ጠይቁ፦ "በዚህ ዋጋ ስንት ኩንታል ይነሳል?" ዋጋ ያለ መጠን ግማሽ ወሬ ነው።

ኤሊት ዴንጀረስም ይህን አስገብቷል። በየጣቢያው ያለው ክምችትና ፍላጎት ሲለዋወጥ ዋጋው ይለዋወጣል፤ ፍላጎቱ ትንሽ ሆኖ ብዙ ጭነት ካራገፍክ የምታገኘው ዋጋ ይወርዳል። ከዚያ በላይ ደግሞ ደብተሩ የጋራ ሆነ። ተጫዋቾቹ ያዩትን ዋጋ በራስ ሰር ወደ ድረ ገጾች ይልካሉ፤ "ኢናራ" የሚባለውን የከፈተ ማንም ሰው የዕለቱን ጥሩ መንገድ ያገኛል። ውጤቱን ታውቁታላችሁ። ሁሉም ወደዚያው ይጎርፋል፣ መነሻው ላይ ክምችቱ ያልቃል፣ መድረሻው ላይ ፍላጎቱ ይሞላል፣ ልዩነቱ ይጠባል።

እኛንም ይመለከታል። ይህ ቻናል አንድ ቦታ ጥሩ ዋጋ አለ ብሎ ሲለጥፍ ሁላችሁም እኩል ታዩታላችሁ። እናንተ ስትጭኑ ሌላውም እየጫነ ነው። መኪናው ሦስት ቀን የሚሄድ ከሆነ፣ የምትሸጡት በዛሬው ዋጋ ሳይሆን የሦስት ቀን ጎርፍ ካለፈበት በኋላ ባለው ዋጋ ነው። የተለጠፈ ዋጋ ትእዛዝ አይደለም። ከመጫናችሁ በፊት ከገዢው ጋር መጠኑንና ዋጋውን ቁረጡ።

7. ስለ አደጋ ሁለት ነገር

አንደኛው የዋጋ መዋዠቅ ነው። ከላይ ፀጉራም ቆዳን አልፈነው ሄድን፤ ተመልሰን እንየው። አማካይ ልዩነቱ 14.4 ነው፣ ከመጠጥ ይበልጣል። ግን በዚህ ሸቀጥ ላይ ጌሙ የሚጨምረው የዕድል መዋዠቅ እስከ 25.2 ክሬዲት ይደርሳል፣ በመግዣም በመሸጫም በኩል። ስለዚህ አንድ ቶን ከ39.6 ትርፍ እስከ 10.8 ኪሳራ ድረስ ሊወጣ ይችላል። ኮምፒውተር ላይ ግን መዋዠቁ ከ1.2 አይበልጥም። ስለዚህ ፀጉራም ቆዳ የሚያዋጣው ደጋግሞ መጫን ለሚችል፣ አንዱ ጉዞ ቢከስርበት የማይወድቅ ሰው ነው። ያለችውን ሁሉ አንድ ጭነት ላይ የጣለ ሰው አማካዩን አያገኝም፤ የዚያን ቀን ዕድሉን ነው የሚያገኘው።

ሁለተኛው የመንገድ አደጋ ነው። በኤሊት እያንዳንዱ ፕላኔት የመንግሥት ዓይነት አለው። ሥርዓት አልባ በሆኑት፣ ለምሳሌ ከሌቭ ብዙ በማይርቀው "ሪድኳት" አካባቢ፣ ሽፍታ ይበዛል። ኢቭ ውስጥ ደግሞ ነገሩ ረቀቅ ይላል፦ አጥቂዎች የጭነቱን ዋጋ ከማጥቂያ ወጪያቸው ጋር ያነጻጽራሉ። ጭነቱ ከዚያ ከበለጠ ይመቱታል፤ ካነሰ ያልፉታል። የለመዱ ነጋዴዎች ለዚህ ነው ውድ ዕቃን ከፋፍለው የሚጭኑት። ለሌላ ሰው ጭነት የሚያደርስ አጓጓዥም በዕቃው ዋጋ ልክ መያዣ እንዲያስይዝ ይደረጋል፤ ካላደረሰ መያዣው ይቀራል። በማይተዋወቁ ሰዎች መካከል ንግድ እንዲቀጥል ያደረገው ይህ ነው።

8. የቦታ ስም የሚሸጥበት ንግድ

የተጋራው ደብተር ሁሉንም ልዩነት ካጠበበ ምን ቀረ? ኤሊት ዴንጀረስ ለድሮ ተጫዋቾቹ አንድ ስጦታ አስቀምጧል። ያ የመጀመሪያው ፕላኔት ሌቭ አሁንም አለ፤ እዚያ ብቻ የሚገኝ "የሌቭ ብራንዲ" ይሸጣል። "ብርቅዬ ሸቀጥ" ከሚባሉት አንዱ ነው። የብርቅዬ ሸቀጥ ሕጉ ሁለት ነው፦ በአንድ ጊዜ የሚሰጥህ መጠን ውስን ነው፤ ዋጋው ደግሞ ከተመረተበት ቦታ በራቅህ ቁጥር እስከ አንድ ርቀት ድረስ ይጨምራል። እዚያው ጎረቤት ብትሸጠው ተራ መጠጥ ነው። ሩቅ ስትወስደው ግን ስሙ ዋጋ ያወጣል።

ይርጋጨፌ ወይም ሐረር የሚል ስም ያለበት ቡና የምትልኩ ሰዎች ይህን ማስረዳት አያስፈልጋችሁም። ማስታወስ የምንፈልገው ማነቆውን ነው። እዚህ ያጠረው ገንዘብም መኪናም አይደለም፤ ራሱ ሸቀጡ ነው። ስለዚህ ትርፉ የሚለካው በእያንዳንዱ ፈረሱላ ነው። ውስን የሆነን ዕቃ "ቶሎ ይሽከርከር" ብሎ በጅምላ ዋጋ መስጠት፣ የምግብን ሂሳብ ለብራንዲ መጠቀም ነው።

9. ለዚህ ሳምንት የቤት ሥራ

ወረቀት አውጡና እነዚህን መልሱ፦

1️⃣ በዚህ ወር ሥራዬን የያዘው የቱ ነው? ገንዘብ፣ መጫኛ ወይም መጋዘን፣ ጊዜ፣ የገዢው ገበያ ጥልቀት፣ ወይስ ሸቀጡ ራሱ?
2️⃣ የምነግዳቸውን ሸቀጦች በዚያ ባጠረኝ ነገር አካፍዬ ላስላ፦ በ100 ብር፣ በኩንታል ቦታ፣ በቀን፣ ወይስ በፈረሱላ? ቅደም ተከተሉ ተለወጠ?
3️⃣ ልገዛው ያሰብኩት መኪና፣ መጋዘን ወይም ማሽን የሚያሰፋው ያጠረኝን ነው ወይስ የተረፈኝን?
4️⃣ መድረሻዬ ላይ በተባለው ዋጋ የሚነሳው መጠን ስንት ነው? ከእኔ ሌላ ማን እየጫነ ነው?
5️⃣ የምመላለስበት መንገድ ዛሬም ያዋጣል ወይስ ድሮ ስላዋጣኝ ብቻ ነው የማልተወው?

አምስተኛዋን ሳትዘሏት መልሱ። ሁላችንም የምንተርከው አንድ ጥሩ ዓመት፣ አንድ ያደለ መስመር አለን። የእንግሊዝ ጎልማሶች የድሮውን ጌም ሲናፍቁ ቢበዛ ለጨዋታ የሚሆን ገንዘብ ያወጣሉ። ነጋዴ የድሮውን መስመር ሲናፍቅ ግን ሙሉ ጭነት ይዞ ነው የሚሄድበት። ትዝታውን ለሻይ ሰዓት እናቆየውና ሂሳቡን በዛሬው ዋጋ እንሥራ።

የእናንተ ማነቆ የቱ ነው? በኮሜንት ጻፉልን። ሸቀጡን መጥቀስ ካልፈለጋችሁ ሀ እና ለ ብላችሁ ቁጥሩን ብቻ አስቀምጡ፤ ለሌላውም ይጠቅማል። ትምህርቱ ይጠቅመዋል ለምትሉት ሰው ሼር አድርጉ። ሰኞ ገበያ ሲከፈት በተለመደው የዋጋ ዝርዝር እንገናኛለን።

መልካም ሳምንት፣ መልካም ገበያ።